ስቪያቶስላቭ ቫካርቹክና «ኦኬያን ኤልዚ»፦ የሚመዘነው በዘፈኑ ነው ወይስ በፖለቲካው?

የክራር ወዳጅ (ርዕሱን የከፈተ)

ስለ ዩክሬን በአማርኛ የምናነበው ነገር ከ2022 ወዲህ ከሞላ ጎደል የጦርነት ዜና ብቻ ሆኗል። ስለ አገሪቱ ሙዚቃ ረጋ ብሎ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ፣ ሥራዎቹን ለዓመታት በቅርብ የተከታተልኩትን ድምፃዊና የዜማ ደራሲ ስቪያቶስላቭ ቫካርቹክን ለውይይት አቀርባለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቫካርቹክ በግንቦት 1975 ሙካቼቮ በምትባል፣ ለሃንጋሪና ለስሎቫኪያ ድንበር በምትቀርብ የምዕራብ ዩክሬን ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በልቪቭ ነው። አባቱ ኢቫን ቫካርቹክ የተከበሩ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። የልቪቭን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን በሬክተርነት መርተዋል፤ ከ2007 እስከ 2010 ደግሞ የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። ልጁም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ አጠና። ገና ተማሪ ሳለ፣ በጥቅምት 1994፣ ከጊታር ተጫዋቹ ከፓቭሎ ሁዲሞቭ፣ ከቤዝ ተጫዋቹ ከዩሪ ኹስቶችካና ከድራም መቺው ከዴኒስ ህሊኒን ጋር «ኦኬያን ኤልዚ» የተባለውን ባንድ መሠረተ። ሦስቱ ልጆች «የዝምታ ጎሣ» በሚል ስም ቀደም ብለው አብረው ይጫወቱ ስለነበር እርስ በርስ ተግባብተዋል፤ በቫካርቹክ ያገኙት የራሱን ዘፈን እየደረሰ የሚያዜም ሰው ነው።

ባንዱ በ1998 ወደ ኪይቭ ተዛወረ፤ በዚያው ዓመትም «እኛ በሌለንበት» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። በ2000፣ በ2001 እና በ2003 ሦስት አልበሞች ተከታተሉ። የመጨረሻው «ሱፐርሲሜትሪ» ይባላል፤ ቃሉ በፊዚክስ የቁስ ቅንጣቶችን በጥንድ የሚያዛምድ ሐሳብ ስም ነው። ርዕሱ ለጌጥ የተመረጠ አይደለም፤ ቫካርቹክ በየመድረኩ እየተዘዋወረም ፊዚክሱን ስላልተወ፣ በ2009 በማግኔት መስክ ውስጥ ስላለ ኤሌክትሮን ሱፐርሲሜትሪ የጻፈውን የምርምር ሥራ ለመርማሪዎች አቅርቦ የዶክተርነት ማዕረጉን ተቀብሏል።

አሁን ወደ አቋሜ ልምጣ። ስለዚህ ሰው የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኞቹ ሁለት ጊዜ ምክር ቤት መግባቱንና ሁለቱንም ጊዜ አቋርጦ መውጣቱን መነሻ አድርገው ሕይወቱን በዚያ ይለኩታል። እኔ ግን ይህ ሥሩን ትቶ ቅጠሉን መቁጠር ይመስለኛል። ቫካርቹክ ሲናገር ሰው የሚያዳምጠው ዘፈኑን ስለሚያምን ነው። ዘፈኑም የታመነው መፈክር ስላለበት አይደለም፤ የፍቅር ዘፈን ሆኖ በሚገባ ስለተሠራ፣ ሕዝብ የራሱን ነገር የሚያኖርበት ቦታ ስለተወለት ነው።

አንድ ዘፈን ብቻ በቅርብ እንመልከት። በ2013 የጸደይ ወቅት በወጣው «ምድር» በተባለው አልበም ውስጥ «ኦቢይሚ» የሚል ዘፈን አለ፤ «እቀፊኝ» እንደማለት ነው። የሚጀምረው ንጋት ሲመጣና ጦርነት ሲያበቃ በሚል ሐሳብ ነው። ልብ በሉ፣ አልበሙ ሲወጣ የኪይቭ አደባባይ ሰላማዊ ነበር፣ ክራይሚያም አልተያዘችም፣ በምሥራቁ በዶንባስ አካባቢም አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ያ ጦርነት የሁለት ሰዎች ወይም የአንድ ሰው የውስጥ ትግል ነበር። ዘፋኙ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች የሚያወርደው በዝቅተኛና ሻካራ ድምፅ፣ ከንግግር ብዙም ሳይርቅ ነው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ያንኑ አንድ ልመና እየደጋገመ ድምፁን ወደ ላይ ይስበዋል፤ የሚለምነውም ሌላ ምንም ሳይሆን አጥብቆ መታቀፍን ነው። ዓመት ሳይሞላው አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ የዘፈኑ መክፈቻም ቃል በቃል የሁሉም ጥያቄ ሆነ። ደራሲው አንድም ቃል አልለወጠም። እኔ ለእንዲህ ያለው የዘፈን አሠራር ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ የእናንተንም አስተያየት ለመስማት እጓጓለሁ።


ሰሎሜ ዘዋርሶ

ስለ «ኦቢይሚ» የጻፉትን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ፤ ፖለቲካውን እንደ ቅጠል ማየትዎን ግን አልቀበልም። እኔ የምኖረው ፖላንድ ነው፣ ከዩክሬናውያን ጋርም እሠራለሁ። ስለ ቫካርቹክ ሲነሣ ዘፋኙን ከዜጋው ለይቶ የሚያወራ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ነገሩን በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። በ2004 መጨረሻ፣ ምርጫው ተጭበረበረ ተብሎ ሕዝቡ በብርቱካናማ ልብስና ባንዲራ የኪይቭን አደባባይ ሲሞላ፣ ቫካርቹክ ከተቃዋሚው ዕጩ ከቪክቶር ዩሽቼንኮ ጎን ቆሞ በዚያ ብርድ ዘፍኗል። ያን ጊዜ ከሁሉ በላይ የተዘመረለት «ቭስታቫይ» የተባለው ዘፈኑ ነው። አንድ ሰው የሚወዳትን ሴት ተነሺ እያለ የሚቀሰቅስበት ዘፈን ነበር፤ አደባባዩ ግን አገርን የሚቀሰቅስ አድርጎ ወሰደው። ይህ የእርስዎን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘፈኑ በራሱ እግር ወደ አደባባዩ አልሄደም። ተሸክሞ የወሰደው ዘፋኙ ነው፣ ያም የፖለቲካ ውሳኔ ነው።

በ2005 በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር 1 ሚሊዮን ሂሪቭኒያ (የዩክሬን ገንዘብ) አሸንፎ ገንዘቡን በሙሉ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ሰጠ። በ2007 በዩሽቼንኮ ወገን ዝርዝር ምክር ቤት ገባ፤ በመስከረም 2008 የፓርቲዎቹ ሽኩቻ ሥራ አላሠራ ሲል በፈቃዱ ለቀቀ። በታኅሣሥ 2013 ባንዱ እንደገና አደባባይ ወጥቶ ለተቃዋሚው ሕዝብ ተጫወተ። በ2019 መጀመሪያ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል ተብሎ ሲጠበቅ አልወዳደርም አለ፤ ከመዝናኛው ዓለም የመጣው ቮሎዲሚር ዜሌንስኪ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቫካርቹክ «ሆሎስ» ማለትም «ድምፅ» የተባለ ፓርቲ መሠረተ፤ ፓርቲው በሐምሌው ምርጫ 5.82 በመቶ ድምፅና 20 መቀመጫ አገኘ። በመጋቢት 2020 የፓርቲውን መሪነት፣ በሰኔ ደግሞ የምክር ቤቱን መቀመጫ ተወ።

በእኔ እይታ ይህ ሁሉ የሥራው አካል ነው። ሁለተኛውን ጊዜ መልቀቁን ለመረጡት ሰዎች እንደ ክህደት የቆጠሩበት የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው እላለሁ። አንድ ሰው ለአራትና ለአምስት ዓመት ውክልና ተቀብሎ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ቢሄድ፣ ዘፈኑ የቱንም ያህል ቢያምር ይህን አይሸፍንለትም።


የካርኮቭ ተመራቂ

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለታችሁም ያለፋችሁት አንድ ነገር አለ። እኔ በሶቪየት ዘመን ለትምህርት ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ስሆን የኖርኩት በካርኮቭ ነው፤ ዛሬ ካርኪቭ ይሏታል። እኛ ስንማር ዩክሬን ውስጥ እንዳለን እናውቅ ነበር፤ ቋንቋውን ግን በጆሯችን የምንሰማው ከስንት አንዴ፣ ያውም ከገጠር ከመጡ ሽማግሌዎችና ከገበያ ሴቶች ነበር። ትምህርቱ በሩሲያኛ፣ ዳንሱ በሩሲያኛ፣ በማደሪያ ቤቱ ኮሪደር እስከ እኩለ ሌሊት ጊታር የሚመታውም ተማሪ የሚዘፍነው በሩሲያኛ ነበር። በዩክሬንኛ የሚዘፈነው በአመዛኙ የባህል ልብስ ለብሶ በበዓል ቀን የሚቀርበው ነው፤ የወጣት ዘፈን ይሆናል ብሎ የሚያስብ በእኛ ዘንድ አልነበረም።

ለዚህ ልዩ የሆነው ቮሎዲሚር ኢቫስዩክ ነው። በ1970 ገና ተማሪ ሳለ «ቼርቮና ሩታ» የተባለውን ዘፈን ደረሰ፤ በመላው የሶቪየት ኅብረትም ተወደደለት። በ1979 ከልቪቭ ወጣ ብሎ ባለ ጫካ ውስጥ ተሰቅሎ ሲገኝ ባለሥልጣናቱ ራሱን አጠፋ አሉ፤ ሕዝቡ ግን አላመነም፣ እስከ ዛሬም አያምንም። የልቪቭ ሰው በቀብሩ ላይ የወጣው በግልብጥ ነበር። ቫካርቹክ ያደገው በዚህች ከተማ፣ በዚህ ሐዘን ጥላ ሥር ነው።

ከዚያ በ1989 በቼርኒቭትሲ ከተማ በዚሁ ዘፈን ስም የተሰየመ ፌስቲቫል ተካሄደ፤ በዩክሬንኛ የሚዘፍኑ አዳዲስ ልጆችና የሮክ ባንዶችም በአንድ መድረክ ታዩ። በኪይቭ ከ1986 ጀምሮ ኦሌህ ስክሪፕካ የሚመራው «ቮፕሊ ቪዶፕሊያሶቫ» ነበር፣ በልቪቭ ደግሞ በጎዳና አነጋገር የሚዘፍኑት «የሃድዩኪን ወንድማማቾች»። እነዚህ ግን ጨዋታና ቧልት የሚበዛባቸው ነበሩ፤ ደግሞም እወዳቸዋለሁ። ቫካርቹክ የጨመረው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ የከተማ ወጣት በዩክሬንኛ፣ ያለ ባህል ልብስና ያለ ቀልድ፣ ስለ ቅናቱና ስለ ብቸኝነቱ ሊዘፍን እንደሚችል አሳየ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኋላ በ2016 ሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚያሰሙት ዘፈን መጀመሪያ 25 በመቶው፣ ቀስ በቀስም 35 በመቶው በዩክሬንኛ እንዲሆን ሕግ ወጣ፤ «ኦኬያን ኤልዚ» ግን ሕግ ሳያስገድደው፣ ገበያውም ወደ ሩሲያኛ እየጎተተው፣ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ የመረጠው መንገድ ነው።

እህቴ ሰሎሜ፣ ፖለቲካውን እዚህ ይፈልጉት። ከምክር ቤቱ ወንበር ይልቅ ይህ ምርጫው የሚበልጥ የፖለቲካ ሥራ ነው ባይ ነኝ።


ባለ ኪቦርዱ

ጋሼ፣ ስለ ኢቫስዩክ ስላነሡልን እናመሰግናለን። እኔ ደግሞ ከሙዚቀኞች ወገን ልናገር። በባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ እንዲህ ያለ ውይይት ሁልጊዜ ስለ ድምፃዊው ብቻ ሲሆን ቅር ይለኛል። «ኦኬያን ኤልዚ» ብለን የምንወደው ድምፅ ግማሹ የተሠራው በዲሚትሮ ሹሮቭ እጅ ነው።

ሹሮቭ በ1981 የተወለደ የቪኒትሲያ ልጅ ነው። በ2001 በይፋ የባንዱ አባል ሲሆን ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የ2001ዱ አልበም «ሞዴል» እና «ሱፐርሲሜትሪ» የተሠሩት እሱ ባለበት ነው። ከእሱ በፊት ያለውን የ1998ቱን አልበም ስሙ፦ ጊታርና ድራም ፊት ለፊት ቆመው ድምፃዊው በመካከላቸው እየተሹለከለከ ይወጣል። «ሱፐርሲሜትሪ» ላይ ስትደርሱ ፒያኖው ከድምፃዊው ጋር ይነጋገራል። እሱ ሲያዜም ፒያኖው ዝም ይላል፤ እሱ ትንፋሽ ሲወስድ ፒያኖው አንድ ሐረግ ጣል አድርጎ ቦታውን ይለቅለታል። ይህን በመድረክ ላይ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከባዱ ነገር መጫወቱ ሳይሆን መተዉ ነው። ሹሮቭ በዚያ ዕድሜው መተውን ያውቅ ነበር።

በ2004 ሹሮቭና ኹስቶችካ ለቀው ከድምፃዊው ከሉዊ ፍራንክ ጋር «ኤስቴቲክ ኤዱኬሽን» የተባለ ባንድ አቋቋሙ። የሚዘፍኑት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለሬዲዮ ብዙ ሳይጨነቁ የሠሩት ሥራ ነው፣ እውነተኛው የዩክሬን ኢንዲ ሮክ፣ ማለትም ከትልቁ ገበያ ነፃ ሆኖ የሚሠራው ሮክ፣ ለእኔ ያ ነው። እነሱ ሲበተኑ ሹሮቭ ለራሱ ወጣ። ከሩሲያዊቷ ዘፋኝ ከዘምፊራ ጋር በ2007 አልበሟ ላይ ከሠራ በኋላ በ2009 «ፒያኖቦይ» በሚል ስም ብቻውን ዘፋኝ፣ ደራሲና ፒያኖ ተጫዋች ሆኖ መድረክ ላይ ቀረበ፤ የመጀመሪያ አልበሙ በ2012 ወጣ። መጀመሪያ በአብዛኛው በሩሲያኛ ይዘፍን የነበረው ይህ ሰው ከ2014 ወዲህ ወደ ዩክሬንኛ እያመዘነ መጣ፤ ጋሼ ያነሡትን የቋንቋ ጉዳይ በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ለሚፈልግ የሹሮቭ መንገድ ከቫካርቹክ ይልቅ ብዙ ያስተምራል። ቫካርቹክ ከመነሻው በዚያ ቋንቋ ውስጥ ነበር፤ ሹሮቭ ግን ተጉዞ ደረሰበት።

ስለዚህ ለርዕሱ ከፋች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ጓደኞቹ ሲሄዱ ዘፈኑ ምን ሆነ?


የክራር ወዳጅ

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደግሞም ከሹሮቭና ከኹስቶችካ ቀጥሎ በ2005 ሁዲሞቭም ስለ ሄደ፣ ከመሥራቾቹ የቀሩት ቫካርቹክና ህሊኒን ብቻ ነበሩ። ሁዲሞቭ በኋላ በኪይቭ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ከፍቶ በዚያ መስክ ስሙን አስጠርቷል፤ የሄዱት ሁሉ የየራሳቸውን ሥራ ይዘው ነው የሄዱት። ብዙ ባንድ እዚህ ላይ ያበቃል።

«ኦኬያን ኤልዚ» ግን በዚያው ዓመት በአዲስ ተጫዋቾች «ግሎሪያ»ን አወጣ። በኪቦርዱ ወንበር የተቀመጠው ሰርቢያዊው ሚሎሽ የሊች ነው። ባለ ኪቦርዱ፣ እርስዎ የተናገሩት የፒያኖና የድምፅ ንግግር በዚህ አልበም ላይ ቀንሷል፣ ይህን አልክድም፤ በምትኩ የመጣው ሰፊ፣ ለትልቅ ሜዳ የተቆረጠ ድምፅ ነው። «ቤዝ ቦዩ» የተባለውን ዘፈን ውሰዱ። ሳይዋጋ እጅ እንደማይሰጥ ለአንዲት ሴት የሚናገር ሰው ዘፈን ነው። አዝማቹ አጭር፣ ቃላቱ ጥቂት፣ ዜማውም ማንም ሰው በመጀመሪያ ስሚ ሊከተለው የሚችል ነው። ሹሮቭ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ከዚህ የረቀቀ ይሆን ነበር፤ ሰባ ሺህ ሰው አብሮ ይዘምረው እንደነበር ግን እጠራጠራለሁ። ለእኔ ይህ የሚያሳየው የዘፈኑ ምንጭ ደራሲው መሆኑን ነው፤ ተጫዋቾቹ ልብሱን ይለውጡታል፣ አካሉ ግን ያው ነው።

ብቻውን ሲሠራ ደግሞ ሌላ ገጽ ያሳያል። በ2008፣ ከምክር ቤቱ በለቀቀበት ዓመት፣ «በሌሊት» የተባለ ወደ ጃዝ ያዘነበለ አልበም በራሱ ስም አወጣ፤ በ2011 ደግሞ «ብራሰልስ»ን። ሁለቱንም ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ትልቁን ሜዳ ትቶ ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚዘፍን ሰው ለመስማት የፈለገ በእነዚህ ይጀምር። ከዚያ በኋላ የመጣውን «ምድር»ን በፕሮዲዩሰርነት የሠራው እንግሊዛዊው ኬን ኔልሰን ነው፤ የታዋቂውን የእንግሊዝ ባንድ የኮልድፕሌይን የመጀመሪያ አልበሞች የሠራ ሰው እንደመሆኑ፣ በ«ኦቢይሚ» ላይ የሚሰማው የድምፅ ጥራትና በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው አየር የእሱ እጅ ያለበት ነው።

የተለያዩት ጓደኛሞች የተገናኙበትን ቀንም ላንሳ። በሰኔ 21 ቀን 2014 ባንዱ 20ኛ ዓመቱን በኪይቭ ኦሊምፒክ ስታዲየም ሲያከብር ከ70 ሺህ በላይ ሰው ተገኘ። ክራይሚያ ከተወሰደች ሦስት ወር ሆኗል፣ በምሥራቅ ጦርነቱ ተጀምሯል። ሁዲሞቭ፣ ኹስቶችካና ሹሮቭ ወደ መድረኩ ተመልሰው የቀድሞ ዘፈኖቻቸውን አብረው ተጫወቱ። ምስሉን ያየ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ፦ ቫካርቹክ በብዙ ዘፈኖች ላይ አዝማቹን ለሕዝቡ ሰጥቶ ዝም ይላል። ባለ ኪቦርዱ መተው ያሉት ይህ ነው፤ በዚያ ዕለት ዘፋኙም አደረገው።


ጀማሪ አድማጭ

ጽሑፋችሁን በደስታ እየተከታተልኩ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ስታዲየም የሚሞላ ባንድ እንዴት ከኢንዲ ጋር ይነሣል? ደግሞስ ሩሲያ ውስጥ ይደመጡ ነበር ወይ?


ባለ ኪቦርዱ

«ኦኬያን ኤልዚ» በዛሬ ትርጉም ኢንዲ አይደለም፤ አገር ያወቀው ሮክ ነው። ኢንዲ ልንለው የምንችለው ከእሱ የተቀዳውን ነው፦ ኤስቴቲክ ኤዱኬሽንን፣ የፒያኖቦይን የመጀመሪያ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ ከልቪቭ የመጣውን፣ ኢሪና ሽቫይዳክ የምትዘፍንበትን «አንድ ሰው በታንኳ» የተባለውን ባንድ። የዚህ የመጨረሻው ሙዚቃ ጸጥ ያለና ዝርዝር የበዛበት ነው፤ ነገር ግን በዩክሬንኛ በቁም ነገር የተዘፈነ ዘፈን አድማጭ የሚያገኝበትን በር ማን እንደ ከፈተላቸው ጋሼ ከላይ ነግረውናል።


ሰሎሜ ዘዋርሶ

የሩሲያውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። አዎን፣ በሚገባ ይደመጡ ነበር። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ በሩሲያ ከተሞች ይዘዋወሩ ነበር፤ ቋንቋቸውን ሳይለውጡ፣ የማይረዳቸውም ሰው ቃሉን በቃሉ እየያዘ አብሮ ይዘምርላቸው ነበር። በ2014 ይህን አቆሙ። ለአንድ ባንድ ከዩክሬን ገበያ በብዙ እጥፍ የሚሰፋ ገበያ ነበርና በገንዘብ ሲሰላ ከባድ ውሳኔ ነው፤ ብዙ የዩክሬን ዘፋኞች ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሲመላለሱ ነበር። ወንድሜ የክራር ወዳጅ ፖለቲካውን ከዘፈኑ ቢለዩትም፣ ይህን ከየትኛው ወገን እንደሚመድቡት አላውቅም።

ስለ ጦርነቱ ዘመንም ሳልናገር አላልፍም። ወረራው በየካቲት 2022 ሲጀመር ቫካርቹክ አገር አልለቀቀም። በልቪቭ በግዛት መከላከያው በመቶ አለቃ ማዕረግ ተመዝግቦ፣ ከዚያ ጊታሩን ይዞ ከከተማ ከተማ ዞረ፤ በካርኪቭ ሰዎች ከቦምብ በተጠለሉበት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ፣ በሆስፒታሎች፣ በግንባር ለነበሩ ወታደሮች ዘፈነ። በዚያው የጸደይ ወቅት፣ ማሪዮፖል ተከብባ እየተደበደበች ሳለ፣ «የማሪያ ከተማ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። ይህ ዘፈን በ2013ቱ መንገድ የተሠራ አይደለም፤ አድማጩ የራሱን ነገር የሚያኖርበት ባዶ ቦታ የለውም፣ ስለ አንዲት ከተማና በውስጧ ስላሉ ተዋጊዎች በግልጽ ይናገራል። እና ዘፈኑ አላነሰም። ስለዚህ ጥሩ ዘፈን ሁልጊዜ የፍቅር ዘፈን ሆኖ መጀመር አለበት የሚለውን ሐሳብዎን ይህ ዘፈን የሚፈትነው ይመስለኛል።


የካርኮቭ ተመራቂ

ያንን የባቡር ጣቢያ አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ፤ የካርኪቭ ሜትሮ የተከፈተው በ1975 ነው፣ እኛም በየቀኑ የምንመላለስበት ነበር። ሕዝቡ በፍራሽና በብርድ ልብስ ተኮልኩሎ፣ ሕፃናት በባቡሩ ወለል ላይ ተኝተው፣ እሱ ጊታር ብቻ ይዞ በመካከላቸው ሲዘፍን በምስል አይቼ ለረጅም ጊዜ ከወንበሬ አልተነሣሁም። የተሰማኝን ግን በአንድ ነገር ብቻ ልግለጽ፦ ያች በሩሲያኛ ብቻ ታወራ የነበረች ከተማ በዩክሬንኛ አብራ ትዘምር ነበር። በትምህርት ዘመኔ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር።

ስለ ሁለቱ ጊዜ መልቀቁ ሰሎሜ ያለችው ተገቢ ነው፤ ዕድሜ ያለው ሰው ሁሉ ውክልና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን ከዚህ በፊት እንደጻፍኩት፣ ከአባቱ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ በሩሲያኛ ዘፍኖ በቶሎ ሊበለጽግ ሲችል ያን አለማድረጉን ከሁሉ አስበልጣለሁ።


የክራር ወዳጅ

እህቴ ሰሎሜ፣ ስለ «የማሪያ ከተማ» ያሉት አሳማኝ ነው፤ ለዚያ ዘፈን የሚሆን መልስ ፈልጌ ደጋግሜ ሰማሁት። የምመልሰው ይህን ነው፦ ዘፈኑ በግልጽ ይናገራል፣ ዜማው ግን አይጮህም። ለጦር ሜዳ የሚሆን ከበሮና ጩኸት ሊያሸክሙት ይችሉ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሐዘንተኛ ቀስ ብሎ ነው የሚያዜመው። ለሠላሳ ዓመት በፍቅር ዘፈን የተማረውን አያያዝ ነው ለከተማይቱ የተጠቀመበት። ሩሲያን መተውን በተመለከተ ደግሞ በደስታ ከእርስዎ ወገን እመድበዋለሁ፤ ጋሼ እንዳሉት የቋንቋው ምርጫና ይህ ውሳኔ አንድ መሥመር ናቸው፣ ሁለቱም የተፈጸሙት በመድረክ ላይ እንጂ በምክር ቤት አይደለም።

ስለ አዲሱ ሥራቸውም ጥቂት ልበል። ባንዱ በ2024፣ በሠላሳኛ ዓመቱ፣ «የባሕር ፋና» የሚል ርዕስ ያለው ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተዘፈነ አልበም አወጣ። ዓላማው ግልጽ ነው፣ ስለ አገራቸው በውጭ መድረክ መናገር ይፈልጋሉ፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ሲዘፍን የድምፁ ሻካራነት ቢኖርም፣ ቃሉን የሚጎትትበትና የሚያሳጥርበት መንገድ ይጠፋል፤ መስመሮቹ ሁሉ እኩል ርዝመት ያላቸው ይመስለኛል። በዚያው ዓመት የወጣው የዩክሬንኛው አልበም «ያ ቀን» ከእሱ ጎን ሲደመጥ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል።

ለጀማሪ አድማጭ፦ ከአዲሱ አትጀምር። መጀመሪያ «ሱፐርሲሜትሪ»ን ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥለህ «ግሎሪያ»ን፣ ከዚያ «ምድር»ን ስማ። «በሌሊት»ን ለማታ አቆየው።


ባለ ኪቦርዱ

በመካከሉ የፒያኖቦይን የ2012 አልበም ጨምርበት። ስለ እንግሊዝኛው አልበም ከክራር ወዳጅ ጋር እስማማለሁ፤ ኤስቴቲክ ኤዱኬሽኖች በእንግሊዝኛ ሲዘፍኑ ግን ይህ ችግር አይሰማም፣ ምክንያቱም ዘፈኖቹ ከመጀመሪያው በዚያ ቋንቋ ተፀንሰው፣ ዜማው በቃሉ ላይ ተቆርጦ ነበር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ስሟቸውና የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ እንነጋገርበት።